ወደ ገበያ የሄደውና ከመንጋው የቀረው፦ በፋርጣ በግ የጡንቻ ጂኖች ጥናት ላይ የግል ማስታወሻ

ይህ ጽሑፍ የጥናት ውጤት ዘገባ አይደለም። የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ ገና አልተጠናቀቀም፤ ውጤቱ በጊዜውና በቦታው ይቀርባል። እዚህ ላይ ለማካፈል የምፈልገው ከጥናቱ ጎን ለጎን የተማርሁትን፣ በመመረቂያ ጽሑፍ «የአሠራር ዘዴ» ምዕራፍ ውስጥ ግን ቦታ ያላገኘሁለትን ነገር ነው። ጥናቴ የሚያተኩረው በደቡብ ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች በሚረባው የፋርጣ በግ ጡንቻ ላይ ነው። ከጡንቻ ዕድገት ጋር የተያያዙ ጥቂት ጂኖች ምን ያህል እንደሚገለጡ፣ በእነዚሁ ጂኖች ውስጥም ምን ዓይነት የዘረመል ልዩነት እንዳለ ይመረምራል። ናሙናዎቹን የሰበሰብሁት ተወልጄ ባደግሁበት በእብናት ወረዳ ነው። ቦታውን የመረጥሁት መንገዱን፣ ሰዉንና በጎቹን ስለማውቅ ነበር። በጎቹን አውቃቸዋለሁ ማለቴ ስሕተት እንደ ነበር የተረዳሁት ሥራው ከተጋመሰ በኋላ ነው።

ሁለቱ ጥያቄዎች

የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ከልዩ ልዩ የትምህርት ክፍሎች የመጡ በመሆናቸው ጥቂት ማብራሪያ ማስቀደም ይገባኛል። በአንድ በግ ሰውነት ውስጥ ያሉት ሕዋሳት በ27 ጥንድ ክሮሞዞሞች ላይ የሰፈረ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይይዛሉ። የጉበቱም፣ የቆዳውም፣ የጡንቻውም ሕዋስ ያው ጽሑፍ አለው። ጉበትን ጉበት፣ ጡንቻን ጡንቻ የሚያደርገው ከዚያ ጽሑፍ የትኛው ክፍል፣ መቼና ምን ያህል እንደሚነበብ ነው። የዘረመል ልዩነት ጥናት «ምን ተጽፏል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የጂን መገለጥ ጥናት «ምን ያህል ተነቧል?» ብሎ ይጠይቃል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ከደም ጠብታ ወይም ከጆሮ ጫፍ በተቆረጠች ቅንጣት መመለስ ይቻላል። ሁለተኛው ግን ከራሱ ከጡንቻው፣ ያውም በተወሰነ ሰዓት ከተወሰደ ናሙና ካልሆነ አይመለስም።

ሁለቱ ጥያቄዎች እንዴት እንደሚገናኙ በግልጽ ከሚያሳዩት ምሳሌዎች አንዱ የቴክሰል በግ ነው። ስሙን ከኔዘርላንድስ ደሴት የወሰደው ይህ ዝርያ በጡንቻው ብዛት የታወቀ ነው። ሚዮስታቲን የተባለው ጂን የጡንቻን ዕድገት የሚገታ ፕሮቲን እንደሚያስገኝ እ.ኤ.አ. በ1997 በአይጦች ላይ በተደረገ ምርምር ታውቆ ነበርና፣ ተመራማሪዎች የቴክሰልን ምስጢር በዚሁ ጂን ውስጥ ፈለጉ። የፕሮቲኑን ቅርጽ የሚወስነው ክፍል ግን ጤናማ ሆኖ ተገኘ። አሌክስ ክሎፕ፣ ሚሼል ዦርዥና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳወቁት፣ ለውጡ ያለው ፕሮቲን በማያስገኘው የጂኑ ጅራት ላይ ነው። አንዲት ፊደል ከጂ ወደ ኤ ተለውጣለች። በዚህች ለውጥ ምክንያት በጡንቻ ውስጥ በብዛት የሚገኙ ሁለት ጥቃቅን አር.ኤን.ኤዎች የሚጣበቁበት አዲስ ስፍራ ተፈጠረ፤ እነርሱም ሲጣበቁበት የሚዮስታቲን ምርት ይቀንሳል፤ ጡንቻው ገቺ ያጣል። ጽሑፉ በአንዲት ፊደል ሲለወጥ የንባቡ መጠን ተለወጠ ማለት ነው።

እኔም ወደዚህ ሥራ የገባሁት በዚሁ ታሪክ ተማርኬ ነው። «በእኛስ በጎች ውስጥ እንዲህ ያለች ፊደል ትኖር ይሆን?» የሚል ጥያቄ ይዤ ነበር። ተስፋዬን ልክ የሚያስይዝ ሌላ ታሪክም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ ኦክላሆማ ከተወለደ አንድ አውራ በግ የተነሣው ካሊፒጅ የተባለ ባሕርይ የበጎችን የኋላ ጡንቻ እጅግ ያገዝፋል፤ ሥጋው ግን ደረቅና ለማኘክ አስቸጋሪ ሆኖ ተገኘ። ብዙ ጡንቻ ሁልጊዜ መልካም ሥጋ ማለት እንዳልሆነ ይህ ያስተምራል። የበለጠ ጡንቻ የበለጠ መኖም ይጠይቃል፤ የእብናት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄም ይኸው ነው።

የገና ጥዋት

ለጥናቱ ተብሎ የታረደ በግ አልነበረም። ናሙና ለመውሰድ ያቀድሁት ለበዓል ከሚታረዱት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ገና ዋዜማ የናይትሮጅን ፈሳሽ የያዘ ዕቃ ተሸክሜ ወደ እብናት ሄድሁ። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ያደረው ሰው ሲመለስ፣ ብርዱ ሳይለቅ፣ ከቤት ወደ ቤት መሮጥ ጀመርሁ። ከሞት በኋላ በሕዋስ ውስጥ ያለው አር.ኤን.ኤ. መፈራረሱን ስለማይተው ጊዜው የሚቆጠረው በደቂቃ ነው። አራጁ ባርኮ ካረደ በኋላ ቆዳው ተገፍፎ እስኪያልቅ መጠበቅ አልችልም ነበር። በጀርባ አጥንት ጎን ለጎን ከሚሄደው ረጅም ጡንቻ ትንሽ ቁራጭ ቶሎ እንዲሰጡኝ እለምናለሁ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ቢላዋቸውን እንደ ያዙ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ለዚህ ለጣት ለማታህል ሥጋ ነው ከባሕር ዳር ድረስ የመጣሽው?» አሉኝ። ሳቅሁ፤ መልስ ለመስጠት ግን ጊዜ አልነበረኝም።

ያን ቀን የሰበሰብሁት ናሙና ሁሉ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። በዓሉን ተከትሎ መኪና እንደሚጠፋ እያወቅሁ፣ ፈሳሹ የሚበቃው ለስንት ሰዓት እንደሆነ ስሠራ መንገዱን እንደ አዘቦት ቀን ቆጥሬው ነበር። በአዲስ ዘመን በኩል ወጥቼ ቤተ ሙከራ ስደርስ ዕቃው ደርቋል። የአር.ኤን.ኤ. ጥራት ከ1 እስከ 10 ባለው መለኪያ ሲመዘን የእኔዎቹ ናሙናዎች ለሥራ ከማይበቁት ወገን ሆኑ። ለአባቴ በስልክ ስነግረው ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እኛ እኮ በላነው፤ ደግ ነበረ» አለኝ። እውነቱን ነው። ለመብላት ደኅና የነበረው ሥጋ ለመነበብ ግን አልፎበታል።

ለፋሲካ ስመለስ አር.ኤን.ኤውን የሚጠብቅ ፈሳሽ የተሞሉ ትንንሽ ቱቦዎች ይዤ ነበር። ፈሳሹ ቶሎ ዘልቆ እንዲገባ ቁራጩ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር እንዳይወፍር ማድረግ በቂ ነው። በዚህ ጊዜ ናሙናው ጥሩ ወጣ። የእያንዳንዱን በግ የቁም ክብደት፣ ጾታ፣ በጥርስ የተገመተ ዕድሜና ላት መዝግቤ ስለ ነበር ሥራዬን የጨረስሁ መሰለኝ።

አማካሪዬ ሰንጠረዡን ካዩ በኋላ የጠየቁኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «ይህ ከባዱ በግና ይህ ቀላሉ በግ የተወለዱት በየትኛው ወር ነው?» አላውቅም ነበር። ጥያቄው ለምን እንደሚያስፈልግ ግን ወዲያው ገባኝ። በግ የጡንቻ ቃጫዎቹን ቁጥር በአብዛኛው የሚያገኘው ከመወለዱ በፊት ነው። ከተወለደ በኋላ ጡንቻው የሚያድገው በዋናነት ያሉት ቃጫዎች እየወፈሩ በመሄዳቸው ነው። እርግዝናው አምስት ወር ያህል ነው። በጥር የተፀነሰ ግልገል በማህፀን የሚያድገው መስኩ በሚደርቅበት፣ ጭዱም በሚያልቅበት ወቅት ሲሆን የሚወለደው ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። በሚያዝያ መጨረሻ የተፀነሰው ግን እናቱ የክረምቱን ለምለም ሣር እየነጨች ተሸክማው በመስከረም ይወለዳል። ሁለቱ በአንድ ዕድሜ ቢመዘኑ የክብደታቸውን ልዩነት ለጂናቸው መስጠት የእናቶቻቸውን ረኃብ እንደ ዘር ቆጥሮ መመዝገብ ይሆናል።

የደብተሩ መዝገብ

ስለዚህ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ እብናት ተመለስሁ፤ በዚህ ጊዜ የያዝሁት ጥያቄ ብቻ ነበር። አባቴን «አባባ፣ ለፋሲካ ያረድነው የትኛዋ በግ ልጅ ነው? መቼ ተወለደ?» ብዬ ስጠይቀው ከሣጥኑ ውስጥ ጠርዙ የተበላ ደብተር አውጥቶ ሰጠኝ። «አንቺ ራስሽ የጀመርሽው አይደለም?» አለኝ። ረስቼው ነበር። 5ኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ እየነገረኝ የበጎቹን ልደትና ሽያጭ እጽፍለት ነበር። እኔ ከቤት ከወጣሁ በኋላ ታናሽ ወንድሜ ቀጥሎበታል።

ደብተሩን ማታ ከፋኖስ አጠገብ ተቀምጬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አነበብሁት። ዳማዋ የምንላት አንዲት እናት በግ ነበረችን። ልጆቿ ፈጥነው ያድጋሉ፤ ይህን ደብተሩ ሳይሆን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። በእኔ የልጅነት እጅ ጽሑፍ «ዳማዋ ወለደች፣ ወንድ» የሚለው መስመር እየተደጋገመ ይመጣል። ከጥቂት ገጾች በኋላ ደግሞ ያው ጠቦት «ለፋሲካ ተሸጠ»፣ «ለእንቁጣጣሽ ተሸጠ» ተብሎ ይዘጋል። አንዱ መስመር «ትልቁ ጠቦት፣ ለደብተርና ለዩኒፎርም» ይላል። ወንድሜ በጻፈው ክፍል ደግሞ ዩኒቨርሲቲ በተመደብሁበት ዓመት፣ «የዳማዋ ልጅ፣ ለእኅቴ መንገድ» የሚል አገኘሁ።

የዳማዋ ወንዶች ልጆች ሁሉ ዓመት ሳይሞላቸው ተሸጠዋል። አንዳቸውም በሰፈራችን መንጋ ውስጥ አውራ ሆነው አልቆዩም። በእነዚያ ዓመታት እናት በጎቻችንን ያጠቃው አውራ ማን እንደ ነበር ስጠይቅ አባቴ ጥቂት አሰበና፣ «ያ ከሲታው ነዋ፤ ነጋዴ እየዞረ አይቶ የሚተወው» አለኝ።

ማታውን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የእርባታ ሳይንስ የመጀመሪያ ትምህርት «ከመልካሙ አስረባ» የሚል ነው። በቤታችን የነበረው አሠራር ይህንኑ ገልብጦ የያዘ ነው፤ ፈጥኖ ያደገው ፈጥኖ ይሸጣል፣ ዘር የሚተካው ገበያ ያልፈለገው ነው። ሙያው ይህን አሉታዊ መረጣ ይለዋል፤ በአገራችን አነስተኛ በግ አርቢዎች ዘንድ የተለመደ መሆኑ በየጥናቱ ይጠቀሳል። እኔም በፈተና ወረቀት ላይ ጽፌው ነጥብ አግኝቼበታለሁ። በቤተ ሙከራ በተራቀቀ መሣሪያ የምፈልገው ፈጥኖ የማደግ ጂን ምናልባት ከመንጋችን የወጣው እኔን ወደዚያ ቤተ ሙከራ ለማድረስ እንደሆነ ግን በየትኛውም ፈተና ላይ አልተጠየቅሁም።

ጥዋት ይህንኑ ለአባቴ በቀላል አነጋገር ለማስረዳት ሞከርሁ። ሳይቆጣ አዳመጠኝ። «ልጄ፣ የሚሸጠው እኮ የሚያምረው ነው» አለኝ። «ከሲታውን ማን ይገዛናል? ከሲታውን ሸጠን የቱን ጉድለት ልንሞላበት ነበር?»

ለዚህ ጥያቄ የጂን ባለሙያ መልስ የለውም፤ ጥያቄው ግን ባዶ ሜዳ ላይ የተነሣ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት እብናት በአገሪቱ ከታወቁት የረኃብተኞች መጠለያዎች አንዱ ነበረባት። በሚያዝያ ወር ያ መጠለያ በመንግሥት ትእዛዝ በግዳጅ ተበትኖ፣ ገና ያላገገመው ሕዝብ ወደየመንደሩ በእግሩ ሲሰደድ ዓለም በዜና ሰምቶታል። የአያቴ ቤት ከዚያ ዘመን የወጣው በግ አልባ ሆኖ ነው። መንጋው እንደ ገና የተጀመረው ከዘመድ በርቢ በተያዙ፣ ማለትም አስረብቶ ግልገሉን ለመካፈል በተወሰዱ ሁለት እናት በጎች ነው። እንዲህ ከጥቂት እናቶች የተነሣ መንጋ የዘረመል ልዩነቱ የጠበበ ሊሆን እንደሚችል ይታወቃል። በሌላ በኩል ደግሞ በዚያ ድርቅ ያለፉት በጎች በክብደታቸው ሳይሆን በጽናታቸው የተመረጡ ናቸው። ትንሽ አካል ትንሽ መኖ ይፈልጋልና፣ «ከሲታው» የምንለው አውራ ራሱ የምንጥለው ነገር ብቻ ላይሆን ይችላል። ቴክሰልን ግዙፍ ያደረገችው ፊደል በግንቦት ደረቅ ሜዳ ላይ በረከት ትሁን ዕዳ የሚወስነው ጂኑ ብቻውን አይደለም።

የአንድ ሰው ወጪ፣ የሰፈር ጥቅም

በአገራችን የበግ ማሻሻል ሥራ ታሪክ ለረጅም ጊዜ ያተኮረው ከውጭ አውራ በማስመጣት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በደብረ ብርሃን ከተቋቋመው የበግ እርባታ ማእከል ጀምሮ አዋሲ፣ ኮሪዴል፣ በኋላም ዶርፐር የመሳሰሉ ዝርያዎች መጥተዋል። ሌላው መንገድ ያለውን ዝርያ ከውስጡ መምረጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ኢካርዳና ኢልሪ የተባሉት ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት፣ በቪየና የሚገኘው የተፈጥሮ ሀብትና የሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲና የአገራችን የምርምር ማእከላት በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ የእርባታ ሥራ ጀምረዋል። አርቢዎቹ የግልገሎችን ልደትና ክብደት ያስመዘግባሉ፤ ጠቦቶቹ ለገበያ ሳይሄዱ በፊት የተሻሉትን አውራዎች በጋራ ይመርጣሉ፤ የተመረጡትንም በጋራ ይጠቀሙባቸዋል። ይህን በትምህርት ክፍል ሳነብ ትኩረቴ ሁሉ በክብደት መጨመሩ ላይ ነበር። አርቢዎቹ ለምን በጋራ መሥራት እንዳስፈለጋቸው የገባኝ ከአባቴ ነው።

ባለፈው መስከረም የዳማዋ የልጅ ልጅ ወንድ ግልገል ወለደች። በየካቲት ሳየው ከእኩዮቹ ሁሉ ገዝፏል። አባቴ ለፋሲካ ሊሸጠው እንዳሰበ ስለማውቅ፣ ከምርምር አበሌ ቀንሼ ነጋዴ የሚሰጠውን ያህል ልከፍለውና በጉ ለዘር እንዲቀር ጠየቅሁት። በጎ ሐሳብ ያቀረብሁ መስሎኝ ነበር።

«ብትከፍዪኝ እኔ አልጎዳም» አለኝ። «በጉ የሚውለው ግን ከሰፈሩ በግ ሁሉ ጋር ነው። ከሚያጠቃቸው ውስጥ የእኔ አምስት ናቸው፤ የቀረው የጎረቤት ነው። ዘንድሮ አንቺ ትከፍያለሽ፤ የከርሞውን ማን ይከፍላል? እኔ ስጠብቀውና ስቀልበው ጎረቤት ጥሩ ግልገል ያገኛል፤ እሱንም ለፋሲካ ይሸጠዋል። ሁላችንም እናስቀር ካልን ያስኬዳል። አንድ ሰው ብቻውን ከሆነ ግን ልፋት ነው።»

ትምህርት ቤት ያልገባው አባቴ የጋራ ሀብትን ችግር ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ አጥርቶ ነገረኝ። አውራውን ከገበያ የማስቀረት ዋጋ የአንድ ቤት ነው፤ ጥቅሙ ግን በጋራ ግጦሽ ላይ የተበተነ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ በአርቢው አለማወቅ ላይ የሚጫን አይደለም። እያንዳንዱ ቤት ለራሱ ትክክለኛውን ሲያደርግ ድምሩ መንጋውን የሚጎዳ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ በጥናቴ ላይ ሦስት ነገሮችን ለውጫለሁ። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ናሙና የልደት ወር፣ የእናቱ ስንተኛ ወሊድ እንደሆነ፣ መንታ ይሁን ነጠላ፣ እናቱም በእርግዝናዋ መጨረሻ ምን ትመገብ እንደ ነበር የሚያሳዩ ዓምዶች ጨምሬያለሁ። ብዙዎቹ አርቢዎች በተለይም እናቶች ይህን ከበዓላት ጋር አያይዘው በትክክል ያስታውሳሉ፤ ያልጠየቅናቸው እኛ ነን። ሁለተኛ፣ የዘረመል ልዩነቱን የምመረምረው ከታረዱት በጎች ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለሽያጭ ከሚወጡትና በመንጋው ከሚቀሩት ወንዶችም የጆሮ ናሙና እየወሰድሁ ነው። በሁለቱ ወገኖች መካከል የጂን ዓይነቶች ድግግሞሽ ይለያይ እንደሆነ ማየት «መልካሙ ይወጣል» የሚለውን ግምት ወደሚፈተን ጥያቄ ይለውጠዋል። ሦስተኛ፣ ለበግ ባለቤቶች የምሰጠውን የስምምነት ቅጽ እንደ ገና ጽፌዋለሁ። ቀድሞ «ጥናቱ የአካባቢውን በግ ለማሻሻል ይጠቅማል» ይል ነበር። ይህን ቃል ለመግባት ገና የሚያበቃኝ ነገር እንደሌለኝ ስለተረዳሁ አሁን የሚለው ምን እንደምወስድና ምን እንደምፈልግበት ብቻ ነው።

ለባልደረቦቼ የምለውም ከዚህ የራቀ አይደለም። የቤተ ሙከራ ሥራችን ውድ ነው፤ ስለዚህ ናሙናው እጃችን ከገባ በኋላ ባለው ጥራት ላይ እንጨነቃለን፤ መጨነቃችንም ተገቢ ነው። ናሙናው እጃችን ከመግባቱ በፊት ግን ማን እንደመረጠልን አንጠይቅም። ለበዓል የሚታረደው በግ ከመንጋው በዕጣ የወጣ አይደለም። ነጋዴው፣ የትምህርት ቤት ክፍያው፣ ጾሙና ድርቁ ከእኛ በፊት መርጠውታል።

ያ የመስከረም ጠቦት በሆሣዕና ሰሞን በእብናት ገበያ ተሸጠ። አባቴ ከመውጣቱ በፊት ደውሎልኝ ስለ ነበር ደርሼ ከጆሮው ጫፍ ቅንጣት ወሰድሁ። በጉን እስከ ገበያው አፍ ድረስ አብሬ ሸኘሁት። ዛሬ የእርሱ ዲ.ኤን.ኤ. በቤተ ሙከራው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቁጥር ተሰጥቶት ተቀምጧል፤ በሰፈራችን መንጋ ውስጥ ግን አንድም ልጅ አልተወለትም። አባቴ ባለፈው ሳምንት ደውሎ ስለ ናሙናው ምንም አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ የመንዝ ሰዎች አውራውን የሚይዙት በየተራ ይሁን ወይስ አንድ ቤት አስቀምጠው፣ ሲታመምስ ወጪው የማን እንደሆነ ነው። ሁለት ጎረቤቶቹም ከስልኩ አጠገብ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። የማውቀውን ነገርሁት፤ የቀረውን ጠይቄ እንድመልስለት ቀጠሮ ይዘናል።